አባባ የመታው ቀይ ቁልፍ

ለምወድሽ እህቴ ለኤልቤቴል፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደብቀሽን ነው? የቤሩት ብርድ እንዴት ይዞሻል? አሠሪዎችሽስ በጊዜ ያሳርፉሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ስንቴ ጀምሬ ተውኩት። መስመሩ ይቆራረጣል፣ እኔም ተናድጄ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ወደዚያ ለምትመለሰው ለቆንጅት ጽፌ ሰጥቻታለሁ።

አንቺ የምታውቂው አባባ በሰብስቤ እንጨት ቤት፣ በኮምፒውተር በሚታዘዘው መቅረጫ ማሽን ሦስት ጣቶቹን ማጣቱን ነው። ያልነገርንሽ አለ። ሰብስቤ «ጠጥቶ ገብቶ ነው» ብሎ አስወራበት። ዕድሜውን ሙሉ ጠጅ ቀምሶ የማያውቀውን፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የነበረውን ሰው። አባባ ከሆስፒታል ሳይወጣ ወሬው ሰፈር ገባ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ እስኪጣራ ብለው ከአገልግሎት አገዱት፤ የሚያጣራ ግን አልተገኘም። አባባ «ቀዩን ማቆሚያ መታሁት፣ ማሽኑ አልቆመም» ቢልም የሚሰማው አጣ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁን ከኪሱ አያወጣም። እኔም ሰብስቤን የእጁን ሳልሰጠው አልቀርም ብዬ ማልኩ።

መንገዱን ያገኘሁት ተቀጥሬ በምሠራበት በጋሽ ገብረኪዳን የቤት ዕቃ ማምረቻ ነው። እሱም ጋ መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ የቆመ እንደዚያው ዓይነት ማሽን ነበር። ሊኑክስ ሲኤንሲ የሚባል፣ በነጻ የሚገኝ፣ ውስጡም ለማንም ክፍት የሆነ የማሽን ማዘዣ ሶፍትዌር እንዳለ ኢንተርኔት ላይ አነበብኩና ልሞክረው አልኩት። «ከዚህ በላይ አይበላሽም፣ ሞክሪ» አለኝ። እህቴ፣ ሶፍትዌሩን መጫኑ ቀላል ነው፤ ጭንቁ ከማሽኑ ጋር ማስተዋወቁ ነው። ሞተሩ ምን ያህል ሲዞር መቁረጫው ምን ያህል እንደሚሄድ፣ የትኛው ሽቦ የቱን እንደሚያዝ፣ ሁሉንም ፋይል ላይ ትጽፊለታለሽ። መጀመሪያ ወደ ቀኝ ሂድ ስለው ወደ ግራ ሄዶ ከብረቱ ጋር ተላተመ። ክብ ቅረጽ ስለው እንቁላል ቀረጸልኝ። በታከተኝ ቁጥር የአባባን ኪስ አስባለሁ፤ እንደገና እቀመጣለሁ።

ማቆሚያው ቁልፍ ጋ ስደርስ ግን ደነገጥኩ። ቁልፉ ሲመታ መስመሩ ይቋረጣል፤ መስመሩ ከተቋረጠ ማሽኑ የግድ ይቆማል። ተመትቶ ካልቆመ መስመሩን የነካካው ሰው አለ ማለት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ጋሽ ገብረኪዳን ማሽኑ ሲሠራለት ለከተማው ሁሉ አወራልኝ፤ እኔም ወሬው ሰብስቤ ዘንድ እንዲደርስ ነበር የምፈልገው።

በጥቅምት መብራት ሲዋዥቅ የሰብስቤ ኮምፒውተር ተቃጠለ። የእሱ ሶፍትዌር የተቆለፈ ነው፤ የሸጠለት ሰው ደግሞ አገር ለቋል። ለአጥቢያችን ሰባኪው የሚቆምበትን አዲሱን ምስባክ ሊሠራ ቃል ገብቶ ነበርና ጨነቀው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅስለትን ሱፍያንን ልኮ አስጠራኝ። እየሳቅሁ ሄድኩ።

ሳጥኑን ስከፍት የማቆሚያው ሁለት ሽቦዎች ቁልፉን ዘለው በቁራጭ መዳብ ተያይዘዋል፤ መዳቡ የእንጨት ብናኝ ጠግቧል። ሱፍያን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቁልፉ እየላላ ሥራ ሲያስፈታን ራሱ ነው ያገናኘው። እንጀራዬ ነው ብዬ ዝም አልኩ» አለኝ። መዳቡን አልነካሁትም። ያንኑ ነጻ ሶፍትዌር ጭኜ ማሽኑን አስተካክዬ ከጨረስኩ በኋላ ለሰብስቤ፣ ምስባኩን ያዘዙት ሽማግሌዎች ሲጀመር ቢያዩት ጥሩ ነው አልኩት። ደስ ብሎት ጠራቸው። አባባንም ለምኜ አመጣሁት።

መቁረጫውን አውልቄ ማሽኑን ባዶውን አስነሳሁት። ከዚያ ሰብስቤን በቀዩ ቁልፍ አቁመው አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «እየሠራ ያለን ማሽን ለምን አቆማለሁ?» አለ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ሸዋአለም «ንካውና እንየው» አሉት። ጫነው። ማሽኑ መንገዱን ቀጠለ። ደግሞ ጫነው፤ አልቆመም። ከኮምፒውተሩ አቆምኩትና ሳጥኑን ከፍቼ መዳቡን አሳየኋቸው። ሱፍያንም የሚያውቀውን ተናገረ። አባባ ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ለአቶ ሸዋአለም ዘረጋላቸው። ሰውየው ያን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። እኔ ግን ሰብስቤን ነበር የማየው። ጠገብኩ ብልሽ ዋሸሁ።

ሽቦውን ለሱፍያን ስል መልሼ አስተካከልኩት። ማሽኑን የሚያውቀውን ፋይሌን ግን አጥፍቼ ወጣሁ። ሶፍትዌሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከፈለገ እንደ እኔ ይማር። ማሽኑ እስካሁን ቆሟል። ሱፍያን ሥራ ፈትቶ ሳየው ይከብደኛል፤ ቢሆንም አልመልስም። አባባ ወደ አገልግሎቱ ተመልሷል። ሰብስቤ አስታራቂ ይልካል፤ አባባም «ይቅር በዪው፣ ፋይሉን ስጪው» ይለኛል። እምቢ ስለው «እንግዲያው ለኤልቤቴል ጻፊላት፣ የእሷን ምክር ትሰሚያለሽ» አለኝ። እንዳለኝ ጽፌልሻለሁ። አንቺ ግን እንዳትመክሪኝ።

እማዬ አብዝታ ትስምሻለች፤ ምግብ እንዳትዘልዪ ትልሻለች። አባባ በጸሎቱ አይረሳሽም። የኮንጋው አጎታችን የቡና ለቀማው ጋብ ሲልለት መጥቶ ነበር፤ ሰላም በያት ብሏል። አብረውሽ ላሉት የአገር ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እህትሽ ሉሲ ሽብሩ
ዲላ፣ ታኅሣሥ 2007 ዓ.ም.