ቁምጣ ለብሼ ቢሮ የገባሁ ዕለት

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14፣ መተማ ዮሐንስ

ዛሬ ቁምጣ ለብሼ ቢሮ ገባሁ። ኀላፊያችን ለስብሰባ ብሎ ጎንደር ከሄደ ወር አለፈው። ሲሄድ በመጨረሻ የፈረመው ወረቀት ይኸው ነው፤ ሙቀቱ እስኪበርድ ሠራተኛው ከጉልበት የማያጥር ንጹሕ ቁምጣ መልበስ ይችላል። ከሱቅ ግራጫውን የመረጥሁት ከሩቅ ሱሪ ይመስላል ብዬ ነበር። ከላይ እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ አደረግሁ። ካልሲ ላድርግ አላድርግ ስል ረፈደብኝ።

መብራት የለም፤ ማራገቢያው ቆሟል። አራት ሰዓት ላይ አያ ደስታው የእርሻ መሬታቸውን ወረቀት ሊያሳድሱ ከሩቁ ገለጉ መጡ። ጭነት መኪና ላይ ነው ያደሩት። በመስኮት አየኋቸው። በሩ አጠገብ ከላስቲክ ጥቁር የሱፍ ሱሪ አወጡና በቁምጣቸው ላይ ደረቡት። ዕድሜ ልካቸውን ቁምጣ የለበሱ ገበሬ ናቸው። ላባቸውን እየጠረጉ ገቡና እግሬን አዩ።

«ልጄ፣ ዛሬ ቢሮ ዝግ ነው እንዴ?»

«ክፍት ነው አያ ደስታው፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። «እኔማ ቢሮ ነው ብዬ ሱሪ አጠለቅሁ» አሉ ቀስ ብለው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የሚፈርም ሰው እንደሌለ ነገርኋቸው። ይህን ስነግራቸው ሦስተኛዬ ነው። ላስቲካቸውን አንሥተው ወጡ። በሩ ላይ ሱሪውን አወለቁና ለሚመጣው ቀጠሮ እንዳይጨማደድ አጥፈው ላስቲኩ ውስጥ መለሱት።

ነገ ሱሪዬን እለብሳለሁ። ሱሪ እንደሁ ፊርማ አያመጣ።