በመዶሻ ላዋለዱልን መኪና የቀረበ ምስጋና

ወጣች! ክቡር ሆይ፣ ወጣች! ቀይ፣ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ ዳሌዋ የሰፋ፣ አንድ ጭረት ያልነካት መኪና ወጣችልን፤ ትናንት ከቀትር በፊት ደግሞ የሰሌዳ ቁጥሯን ተቀብላ በገዛ ሞተሯ እያገሳች ሰፈር ገባች!

ይቅር ይበሉኝ፣ ደስታው አጣድፎኝ ሰላምታውን ዘለልኩት።

ለተከበሩ የደንብ ማስከበር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ ይልቁንም ከአራት ወር በፊት ስድስት ሰዎችን ከነመዶሻቸው ወደ ቤታችን የላከውን ትእዛዝ የፈረመችው ቀኝ እጅዎ ደኅና ናት? የባለቤቴ ቀኝ እጅ አጥንቷ ጠማማ ገጥሞ ስለነበር ሐኪሙ ዳግመኛ ሰብሮ በጄሶ አስሯታል፤ ሰላምታ ልታቀርብልዎ ትመኛለች፣ ጣቶቿ አልታዘዝ ስላሏት ብቻ ቀረች።

ማን እንደሚጽፍልዎ ከጠፋዎ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ አረንጓዴ በር የነበረው ግቢ እመቤት ነኝ። «የነበረው» ማለቴን ልብ ይበሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እኛ ስድስት ቤተሰቦች ነን። ባለቤቴ በልጅነቱ በአንድ አሮጌ መጽሔት ሽፋን ላይ አይቷት ልቡ የቀረባትን የውድድር መኪና አስመስለን በገዛ እጃችን እንሠራለን፤ ለየቤቱ አንድ። ሞተሩ ከተገለበጠ ታክሲ፣ ካምቢዮው ከወላለቀ ፒክአፕ፣ ወንበሩ ልብስ ሰፊ ከሆነችው የባለቤቴ እህት መርፌ ይመጣል። ሕጋችን አንድ ነው፤ የሞላለት ለጎደለው ይሰጣል፣ «የኔ ዕቃ» ያለ ያፍራል። የሁላችንም መኪና አካል የሚወጣው ደግሞ ከአንድ ፎርማ ነው። ፎርማው ከቤት ቤት በተራ ይዞራል። ውስጡ ሰም ይቀባል፣ በሰሙ ላይ ፋይበር ግላሱ፣ ያ ከመስታወት ክር የተሠራው ጨርቅ፣ በቀይ ሙጫ እየራሰ ይነጠፋል፣ ሲደርቅ የመኪናው አካል ተፈልቅቆ ይወጣል፤ ቅቤ ከተቀባ መጋገሪያ ኬክ እንደሚወጣ ማለት ነው። ተራው የእኛ ነበር።

ሰሙን የመቀባት ሥራ ደግሞ የእኔ። ሰባት ጊዜ ቀቢ ተባልኩ። ክቡርነትዎ፣ ለባለቤቴ እንኳ ያልነገርኩትን ለእርስዎ ልናዘዝ፤ ከባለቤቴ እህት ጋር ወሬ ይዘን የኋላውን ዳሌ አንድ ጊዜም ሳልቀባው ቀረሁ። ስለዚህ ተጣበቀ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በጎማ መዶሻ መቱት፣ ሽብልቅ ሰኩበት፣ ውሃ ረጩበት፣ ወይ ፍንክች! ባለቤቴ ጋሼ ቶርኖን፣ ማለትም ብረት ቀራጩን ጎረቤታችንን፣ «ሙጫውን ያበዛኸው አንተ ነህ» ሲለው፣ ጋሼ ቶርኖ «ሙጫስ አንተ ራስህ፣ ከያዝክ የማትለቅ» እያለው፣ የሃያ ዓመት ጓደኛሞች አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ደረሱ። በመጋዝ እንሰንጥቀው ተባለ፤ ቢሰነጠቅ እናትም ልጅም፣ ፎርማውም መኪናዋም፣ ይሞቱ ነበር፣ የስድስት ቤት የሁለት ዓመት ልፋትም አብሮ። እኔ ዝም። እንደ እኔ ያለች ወሬኛ ሦስት ሳምንት ዝም ስትል ባለቤቴ ታማለች ብሎ ሐኪም ቤት ሊወስደኝ ነበር።

የእርስዎ ሰዎች «ምንነቱ ያልታወቀው ተሽከርካሪ ይውደም» የሚለውን ትእዛዝዎን ይዘው የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው። ቅሬታዎቼን ከነምስጋናቸው በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሰዎችዎ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሲደርሱ በሩ እንዳልተቆለፈ ባያውቁ ነው መሰል ከነማጠፊያው ነቅለው ጣሉት። የወደቀው ጋሼ ቶርኖ ላይ ነው። አራቱ በበሩ ላይ ተረማምደው ሲገቡ እርሱ ከሥሩ ነበር፤ ሁለት የጎን አጥንቶቹ እንደ ሸምበቆ ሲንቋቋ እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አንድ ሰው የሌላውን ሸክም መሸከም እንዳለበት ሁልጊዜ የሚያስተምረን ጽሕፈት ቤትዎ በተግባር ስላሳየን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ ባለቤቴ ፎርማው ላይ ተዘርግቶ «ይኼ መኪና አይደለም፣ ፎርማ ነው፣ የስድስት ቤት ነው!» ብሎ ሲጮህ የቡድኑ መሪ «መኪና መሆኑን እያየሁት ሽማግሌ ሊያስተምረኝ» አለና የመዶሻውን እጀታ አንጓው ላይ አሳረፈው። አላረፈም፤ ደገመው። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ሥራ ሲጀምሩ ሳይጨርሱ የማይተዉ ሠራተኞች በዚህ ዘመን ከየት ይገኛሉ?

ሦስተኛ፤ የባለቤቴን እህት በፀጉሯ ይዘው እስከ ስፌት መኪናዋ ድረስ መሬት ለመሬት ጎተቷት፣ የስፌት መኪናዋንም ግድግዳ ላይ ፈጠፈጡት። የተጎተተችው ግን በተቆራረጠ ፋይበር ግላስ ላይ ስለነበር፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው የያዟት ሁለቱ ሰዎችዎ ሳምንት ሙሉ ክንዳቸውን ሲያክኩ፣ ሲያክኩ፣ ቆዳቸው እስኪነሳ ሲያክኩ እንደሰነበቱ ሰምቻለሁ። ዱቄቱን በሙቅ ውሃ አትታጠቡት፣ ይብሳል፤ ይህን ምክር በወቅቱ ስላላደረስኩ ኀዘኔ ጥልቅ ነው።

እዚህ ላይ የራሴንም በደል ልቁጠር፣ ፍርድ ሚዛን ይጠብቅ። አጠገቤ የነበረውን አሮጌ ማርሚታ፣ ያው የመኪና ጭስ ማውጫውን፣ አንስቼ የመሪያችሁን ጉልበት ሁለት ጊዜ መታሁ። ሁለተኛውን ሳላስበው ነው ብል ዋሾ እባላለሁ። እርሱም ግንባሬን በቡጢ ከፍቶ አምስት ስፌት ሸለመኝ፤ ልብስ ሰፊ ከቤት ሳለች በሐኪም መሰፋቴ ብቻ ይቆጨኛል።

አራተኛው ምስጋና እንጂ ቅሬታ አይደለም። ደሜ ዓይኔን ሲሸፍነው ስድስቱም ፎርማው ላይ ዘመቱበት። ከውጭ ሲታይ በርግጥ መኪና ይመስላል፤ ግራጫ፣ ሸካራ፣ መልከ ጥፉ። ሃያ ደቂቃ ወቀጡት። በየአቅጣጫው ተሰነጠቀ፣ ስብርባሪው ዘነበ፣ ግቢው በአቧራ ጠፋ፤ እኔም የስድስት ቤት ተስፋ ሲደቀቅ እያየሁ፣ ሰሙን ረስቼ ነው ለዚህ ያበቃኋቸው እያልኩ እንደ እብድ እጮህ ነበር። በዚህ መካከል ከክምሩ ውስጥ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ባለቤቴ አጥንቱን ታቅፎ ከወደቀበት ቀና አለ። ጋሼ ቶርኖ ከበሩ ሥር ሆኖ አንገቱን አወጣ። ያንን ድምፅ እናውቀዋለን፤ አካል ከፎርማው ሲላቀቅ የሚያሰማው ነው! ሦስት ሳምንት የጠበቅነው!

ሰዎችዎ ግን ላባቸው ከዱቄቱ ጋር ተላቁጦ ስለፈጃቸው የፍርስራሹን ክምር ፎቶ አነሱና ወጡ። እኛም ስብርባሪውን አንድ በአንድ አነሳን። ከሥሩ እርስዋ ነበረች፤ ቀይ፣ የምታብለጨልጭ፣ ሙሉ። ባለቤቴ በደኅና እጁ ዳሌዋን ዳሰሰና «ወይኔ ልጄ!» ብሎ ተንሰቀሰቀ፤ ጋሼ ቶርኖም ሊስቅ ሞክሮ የጎን አጥንቱ ስላልፈቀደለት አብሮት አለቀሰ። ሞተሩና ሻንሲው፣ ማለትም የመኪናዋ አጽም፣ በጋሼ ቶርኖ ቤት ስለነበሩ ሰዎችዎ አልደረሱባቸውም። ከርስዋም ላይ አዲስ ፎርማ አነሳን፤ ልጅ እናቷን ወለደች። በዚህ ጊዜ ሰሙን ዘጠኝ ጊዜ ቀባሁ፣ አፌን በሻሽ አስሬ። ቀጣዩ ተራ የጋሼ ቶርኖ ነው።

የሰሌዳውን ነገር ሳልነግርዎ ብቀር ግን ውለታ ቢስ ነኝ። የተሽከርካሪ መርማሪዎቹ ፍሬኗን ፈትነው፣ መብራቷን ለክተው፣ አጎንብሰው ሆዷን አይተው ሲያበቁ፣ ያልተዘጋ ክስ አለባት ወይ ብለው የጽሕፈት ቤትዎን መዝገብ ጠየቁ። እርስዎ ማኅተም ያሳረፉበት መልስ መጣ፤ «ምንነቱ ያልታወቀው ተሽከርካሪ ሙሉ በሙሉ ወድሟል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል።» ከዚህ የበለጠ ምስክር ወረቀት ማን ይጽፋል? የወደመ ደግሞ ዳግመኛ አይወድምም፤ ወድሟል ያሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ዕድሜና ጤና፣ የማይዝል ክንድ፣ የማይደርቅ ማኅተም ይስጥልኝ እያልኩ፣ ከስድስቱ ቤቶች፣ ከአንድ የተሰበረ እጅ፣ ከሁለት የጎን አጥንቶችና ከአምስት ስፌቶች ጋር በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

የደንበኛ አዋላጃችን ባለዕዳ፣
በር የነበራት እመቤት

ማሳሰቢያ፦ ሰዎችዎ አንድ መዶሻ ረስተው ሄደዋል። «መዶሻውን መልሱ» ካሉ፣ ብረቱ ይኸው፤ እጀታውን ግን ጋሼ ቶርኖ ቆርጦ፣ አለስልሶ፣ የባለቤቴ ደም የነካውን ጫፍ ሳይፍቅ የመኪናዋ ማርሽ መያዣ አድርጎታል። የባለቤቴ ጄሶ ቅዳሜ ይፈታል፤ በማግስቱ በዚያች እጅ ያንን እጀታ ጨብጦ በቢሮዎ ደጃፍ ያልፋል። እርስዎም፣ ስድስቱ ሰዎችዎም፣ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ከጎማ ቤቱ ግድግዳ ላይ የምታነቡ ጎረቤቶችም ሁላችሁ ለደስታችን ኑልን። መሪያችሁ ጉልበቱን ካመመው ከፊት እናስቀምጠዋለን። ማንኳኳት አያስፈልግም፣ በር የለንም፤ እሁድ ጠዋት፣ ልክ በሦስት ሰዓት።