በራሱ ስለ ተለወጠው ፋይል

ለተከበሩ አቶ እጅጉ፣
የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፤
ፍኖተ ሰላም

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ እንቅልፍም እንዳይነሣዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የመሬት ይዞታ መረጃውን የሚያሳየውን፣ ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈውን ፕሮግራም የተከልኩት ክንፈሚካኤል ነኝ፤ በስብሰባው ላይ «ስሕተቱን የሠራው ልጅ» ብለው ስላስተዋወቁኝ ከተማው ሁሉ አውቆኛልና አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ ፕሮግራሙን ስተክል ሁለት የመረጃ ቋት አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው አሮጌ መረጃ የያዘ ለመለማመጃ። ፕሮግራሙ ከየትኛው እንደሚያነብ የሚነግረው ኮንፊገሬሽን የሚባል አጭር ፋይል ነው። ይህንኑ ደጋግመው ሲጠይቁኝ ለዕውቀት ያለዎት ጉጉት አስደንቆኝ ነበር።

ሁለተኛ፤ እርስዎ እኔን ለሥልጠና ባሕር ዳር በላኩኝ ሳምንት ባላቸው የሞተባቸው ወይዘሮ ታንጉት ከደምበጫ ገጠር መጡ። መሬቱን ፍርድ ቤት ያጸናላቸው ቢሆንም ኮምፒውተሩ የባላቸው ወንድም የአቶ ገነነ ነው አለ። እርስዎም «ኮምፒውተር አይዋሽም» ብለው በትሕትና ሸኟቸው፤ አቶ ገነነም ወዲያው በሬ ጠምደው ገቡበት። አቶ ገነነ አበልጅዎ መሆናቸውን የሰማሁት ገበያ ላይ ነው፤ ገበያ ደግሞ ብዙ ያወራል።

ስመለስ ወይዘሮ ታንጉት በር ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ዳኛው የሰጠኝን ዕቃህ ነሣኝ» አሉኝ። ፋይሉን ብከፍተው አድራሻው ወደ መለማመጃው ዞሯል፤ በዚያ አሮጌ መረጃ ደግሞ መሬቱ ገና በአቶ ገነነ ስም ነው። ብጠይቅዎ «በራሱ ተለውጦ ይሆናል» አሉኝ። ክቡርነትዎን አልጠረጥርም፤ ብቻ የይለፍ ቃሉን ከእኔና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም ባሕር ዳር ነበርኩ።

እንጀራዬን እንደማጣ እያወቅሁ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ አድራሻውን ወደ ቦታው መለስኩት። አብራቸው የመጣችው የወይዘሮ ታንጉት ጎረቤት እህተ ማርያም ከኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ስማቸውን ስታነብላቸው ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የታተመውን ማስረጃ ይዘው ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ የአቶ ገነነም በሬ ተፈትቶ ወጣ።

ሌላው ቅሬታዬ ትንሽ ናት፤ በስንብት ደብዳቤዬ ላይ ስሜ ተሳስቷል። ሰው ሲባረር እንኳ በገዛ ስሙ ቢሆን ደስ ይለዋል።

ትእዛዝዎን ሲፈጽም የኖረ፣ ከእንግዲህ ግን ክቡር ጥላዎን ከሩቅ ማየት የሚመርጥ፣
ክንፈሚካኤል ገብረሰንበት

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ታንጉት ሰኞ ለምስጋና ቢሮዎ ድረስ ይመጣሉ። ጠበቃቸውም አብረዋቸው ስለሚሆኑ አንድ ወንበር ቢያስጨምሩላቸው መልካም ነው።