ከሹራቡ ሥር ያለው የዝናብ ልብስ

ልጄ፣
ይህ ልጅህ በጠራራ ፀሐይ ከሹራቡ ሥር የዝናብ ልብስ የሚለብሰው ለምንድን ነው? እሱን ስጠይቀው “አባዬን ጠይቂው” ይለኛል። አንተ ደግሞ “እማዬ፣ የቦክስ ነገር አይገባሽም” ብለህ ትዘጋኛለህ።

ቦክስ ባይገባኝም ረሃብ ይገባኛል። ትናንት የሰጠሁትን ሾርባ መታጠቢያ ቤት ደፍቶታል። ምራቁን እንኳ አይውጥም፣ ጣሳ ውስጥ ይተፋል። ሚዛኑንም ከአልጋህ ሥር አግኝቼዋለሁ። ክብደቱን አስቀንሰህ ከእሱ ከሚያንሱት ጋር ልታጋጥመው ነው፣ አይደል? ለመሆኑ ልጁ እንዲያሸንፍ ነው ወይስ አንተን ያመለጠህን ዋንጫ እንዲያመጣልህ?

በልጁ ፊት “አንተም ተዘርረህ ነው የቀረኸው” ያልኩህ...
ምላሴን ታውቀዋለህ።

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀህ ብላ።
የጓሮውን በር ቆልፍ።
ሚዛኑን አትፈልገው፣ ጎረቤት አስቀምጬዋለሁ።

እኔ አንተ ከሥራ እስክትመለስ ሳልጠብቅ ሾርባ በፔርሙዝ ይዤ ልጁን ልከተል ወደምታሠለጥንበት ቤት ሄጃለሁ። አሁን ሲወጣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ጫማውን ያሰረው ግድግዳ ተደግፎ ነው። “የኔ ልጅ፣ ውሃ እንኳ ቅመስ” ስለው ቀና ብሎ አየኝ፣ ብርጭቆውን አየ፣ ከዚያ በሩን ከፍቶ ወጣ።