ሦስቱ የማሽን ምዕራፎች

መጋቢት 14 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለተወደድሽው የልጅ ልጄ፣ ለጩጬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ታላቅ ዜና በክብር አበስርሻለሁ፤ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። የወጥ ቤታችን ቧንቧ፣ እናትሽ ልጅ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ ሲንጠባጠብ የኖረው ያ ቧንቧ፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ መንጠባጠቡን በይፋ አቁሟል። እኔም መፍቻ ይዤ ከሥሩ ተንበርክኬ ስለነበር ሴት አያትሽ መርቃኛለች። የሰፈሩ ውሃ በሙሉ መቋረጡን ገና አልሰማችም። ቧንቧውን ከፍታ እስክታየው ድረስ ጀግና ነኝ፤ አደራ እንዳትነግሪያት።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይራገማል፣ ስወርድ ይጸልያል። አያትሽም ደህና ናት፤ ዓይኗ ግን አሁን ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚለየው የለም። ባለፈው ወር ሐኪሙ ስለ ልቧ ረዘም ያለ ነገር ሲያወራት "እሱን ተወውና፣ የልጅቷ መጽሐፍ መጨረሻው መቼ ነው የሚመጣው?" ብላ አቋረጠችው። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ የሚያወራው ለእኔ ነው።

በይ አሁን ወደ ጠባችን እንግባ።

በዚህ ቤት መጽሐፍ እንዴት እንደሚነበብ ታውቂያለሽ፤ ያደግሽበት ሕግ ነው። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሷ ሹራቧን በጣቷ እየዳበሰች ትሠራለች፣ ደስ ያላት ቦታ ላይ "ቁም!" ትላለች። ስቆም ቀጥሎ የሚመጣውን ትናገራለች። ከሳተች መጽሐፉ አሸንፏል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካወቀችው ግን አለቀለት፤ ወይ ለጎረቤት ይሰጣል፣ ወይ የሚወላገደው አልጋ ሥር ይገባል። ያንቺ ልቦለድ ምዕራፍ በምዕራፍ በፖስታ ሲመጣልን አንድ ቀን እንኳ አልተሸነፈም። ባለታሪክሽ፣ ልብስ ሰፊዋ ሴትዮ፣ ባሏ ላይ ስትናደድ መነጽሩን ትደብቅና አብራው የምትፈልግበት ቦታ ላይማ ሹራቡ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። "ይቺ ባለጌ! እኔን እኮ ነው የጻፈችኝ!" አለች። የኔ መነጽር ለምን ሁልጊዜ ከጫማ መደርደሪያው ኋላ እንደሚገኝ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዎቹ ሦስት ምዕራፎች ደረሱን። ጉሮሮዬን ጠራረግኩና ጀመርኩ።

"ቁም!" አለች። "አሁን ዝናብ ይዘንባል።"

ዘነበ።

"ቁም! በመስኮት አሻግራ ታያለች።"

አየች።

"ቁም! ዝምታው ከቃላት በላይ ይናገራል።"

አንቺ ልጅ፣ ተናገረ! ቃል በቃል!

ሕጉን ጥሰን ቀጠልን፤ ያንቺ ነው ብለን። የልብስ ሰፊዋ ሽማግሌ ባል ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ስለ ሕይወት፣ ስለ ተስፋ፣ ስለ ይቅርታ ማውራት ጀመረ። በቃህ ቢባል አያባራም።

"ይሄ ሰውዬ እየሞተ ነው ወይስ ስብሰባ እየመራ?" አለችኝ።

"እየሞተ ነው።"

"እንዲህ በሥርዓት? ያ ቀጣፊ? አንዲት ውሸት እንኳ ጣል ሳያደርግ?"

ከዚያ ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ አሟታል መሰለኝ። ይሄ የሷ አይደለም። ደውልላት" አለች።

የደወልኩልሽ ለዚህ ነበር። አንቺ ደግሞ ሳቅሽ። "ኧረ ደህና ነኝ አባባ! አሳታሚው እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስረከብሽ ብሎ ያዘኝ፤ የቀረውን ድርሰት ለሚጽፈው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሰጠሁትና በግማሽ ቀን ጨረሰው። ማን ያውቃል ብለህ ነው?" አልሽኝ። እኔም ስለ አየሩ አወራሁልሽ። አሁን መልሱ መጥቶልኛል፤ እንቺ።

ያወቀችውማ ፊደል ማየት የማትችል አንዲት አሮጊት ናት። ሦስት "ቁም" በቃት።

ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? የነገርሽኝን ስነግራት ገጾቹን ከእጄ መነጨቀች፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን በእግሯ ዳብሳ አገኘችና ሦስቱንም ምዕራፍ ወረወረቻቸው። አንዲት ወረቀት ውጭ አልወደቀችም።

ፀጉር አስተካካዬም እንዳንቺው ሆኖልሻል። በቀደም ምላጩን አንገቴ ላይ ይዞ "እኔ እኮ አራት ልቦለድ አለኝ፣ አባባ" አይለኝም?

"መቼ ጻፍከው?"

"ደንበኛ እስኪመጣ። ፕሮግራሙን ፍቅር፣ ክህደት፣ ወፈር ያለ ይሁን እለዋለሁ፤ ይተፋዋል።"

"ስለ ምንድን ነው ታዲያ?"

"እሱንማ ገና አላነበብኩትም።"

ደራሲው ማንበብ የሰለቸውን እኔ ላነብለት! ምላጩ ባይኖር ኖሮ የምለውን አላጣም ነበር።

ይሄ ፕሮግራም የምትሉት የማንንም መነጽር ደብቆ አያውቅም። አፍሮ አያውቅም፣ ባል አላስመረረውም፣ ቤት ኪራይ አላስጨነቀውም። የሰው ልጅ የጻፈውን ሁሉ ሳያኝክ ውጦ ሲያበቃ ያገሳል፤ ግሳቱን በሽፋን ጠርዘው ልቦለድ ይሉልናል። ሰነፍ ብዬ እንዳልሰድበው ስንፍና እንኳ የለው! ያንቺ ልብስ ሰፊ፣ ቀን ተሳስቶብሽ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰኞ ነበራት፤ አያትሽ ያቺን ትርፍ ሰኞ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ አትጠግብም። የማሽኑ ሳምንት ግን ቀኑን ጠብቆ ይሄዳል፤ የሚታወስ ቀን ብቻ የለውም።

አሁን ልመናዬን ስሚኝ። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሳይገባ እነዚያን ምዕራፎች አውጪያቸው። አሳታሚው ይቆጣ፤ ተቆጥቶ የሞተ አሳታሚ አላየሁም። ራስሽ ጻፊው። ይጠር፣ ይጎርብጥ፣ ሦስት ሰኞ ይኑረው። ሽማግሌውን ከፈለግሽ ግደይው፤ ግን እየቀጠፈ ይሙት። አትቸኩዪ፣ አያትሽ እጠብቃለሁ ብላለች። ብዙም ግን አታስጠብቂያት።

እጅሽ አይዛል። እንቅልፍ የሚነሳሽ ታሪክ አይጥፋብሽ፤ "በቃሽ፣ ተኚ" የሚልሽ ሰውም ከአጠገብሽ አይራቅ። የኔን ዕድሜ ለአያትሽ፣ የሷን ትዕግሥት ለአንቺ ይስጥልኝ።

ወንድ አያትሽ፣
ቀጣፊው

ከፈረሙ በኋላ መዋሸት ነውር ስለሆነ ይህን ልጨምር፤ የቅርጫቱ ነገር የራሴ ፈጠራ ነው። አልጣለቻቸውም። የነገርሽኝን ስነግራት "ከመጀመሪያው አንብብልኝ" አለችኝ፤ ምናልባት አንዱ መስመር ላይ ትኖሪ እንደሆነ ብላ። አነበብኩላት። ጆሮዋን ወደ እኔ አዘንብላ እስከ መጨረሻዋ ቃል ሰማችኝ። ስጨርስ "የለችም" አለችና ሹራቧን አነሳች።