መብራቱ ላይ የጣልኩት ብርድ ልብስ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሬይኖ፤

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ባሕሩ እንዴት ይዟችኋል? ያ በየክረምቱ የሚያሠቃይህ ጉልበትህስ ዘንድሮ ራራልህ? ካሪን ደህና ናት? ትንሿ ኤሊና ጥርሷን አወጣች? እኛ ከበረዶው በቀር ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ጀምሬልህ ነበር። ያንን ወረቀት ግን ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፤ ደህና አይደለሁማ።

ይህን ደብዳቤ የአሳ ማጥመጃ ጀልባችሁ አላስካ፣ ኮዲያክ ወደብ ስትገባ እንዲጠብቅህ የምልከው ባሕር ላይ ስልክ ስለማይደርስህ ብቻ አይደለም። ድምፅህን እየሰማሁ ልነግርህ ስለማልደፍር ነው። ወደ ባሕር ከመውጣትህ በፊት ስለ ቃጠሎው በስልክ የነገርኩህ ውሸት ነበር። አባባ የአሳዎችህን የመስታወት ሳጥን መብራት አብርተው፣ ብርድ ልብስ ጥለውበት፣ ከዚያ ረስተውት ነው ብዬህ ነበር። አንተም እንግዲህ እሳቸውን ብቻቸውን ቤት ትቶ መውጣት አይቻልም፣ ለፋሲካ መጥቼ የአረጋውያን ቤት እናስገባቸዋለን አልከኝ። እኔም እሺ አልኩ። ሬይኖ፣ ብርድ ልብሱን የጣልኩት እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ያ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የኤሌክትሪክ ገመዶቹን የበጣጠሰ ዕለት ከተማው ሁሉ መብራት አጣ። ቤቱ ሲቀዘቅዝ አባባን ከእንጨት ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ እግራቸውን ሸፈንኩላቸውና ወደ አሳዎችህ ዞርኩ። ማሞቂያውም ማጣሪያውም ቆሟል፣ ውሃው በእጅ ሲነካ እየበረደ ነው። እዚህ መብራት ሲጠፋ አሳ ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ያውም እማማ ከአሮጌ ሸሚዞቻችን ቁርጥራጭ በሰፉት በወፍራሙ። ዙሪያውን ብቻ ብሸፍነው ምን ነበረበት! ከላይ መብራቱ የተገጠመበትን ክዳንም፣ ሙቀት የሚወጣበትን ቀዳዳም ሳይቀር ደፈንኩት። አባባ እንቅልፍ ወስዷቸው ስለነበር አላዩኝም።

ቤቱን ለቀህ ስትሄድ ምን ብለኸኝ ነበር? «ሌምፒ፣ ከመሸፈንሽ በፊት ሶኬቱን ንቀይ፤ መብራት ሲመጣ አንቺን አስፈቅዶ አይመጣም።» እኔ ደግሞ እንደ አሮጊት ትጨነቃለህ ብዬ ሳቅኩብህ። ሶኬቱን አልነቀልኩም። ትምህርት ቤት ለተጠለሉት ሰዎች ሾርባ የምሠራበት ተራዬ ስለነበር ቸኩዬ ነበር። ይህን የምነግርህ ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም፤ ምክንያት እንደማይሆነኝ አውቀዋለሁ።

ሾርባውን እያማሰልን ሳለ መብራት መጣ። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔ እዚያ ቆሜ ሳጨበጭብ እዚህ ቤት ሰዓቱን ጠብቆ የሚያበራው ማብሪያ የአሳዎቹን መብራት አብርቶታል። ያ ያረጀ መብራት ያለ ምንም ሽፋን እንኳ እጅ ይለበልብ የለ? ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ክዳኑ ቀለጠ፣ ፕላስቲኩ ውሃው ውስጥ ተንጠባጠበ፣ ብርድ ልብሱም መጨስ ጀመረ። አባባ የጭስ ደወሉን በዚያ ጆሯቸው አልሰሙትም፤ የቀሰቀሳቸው ሽታው ነው። ተነሥተው መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀሉ። ከዚያ ብርድ ልብሱን በከዘራቸው እየጎተቱ ወስደው በረዶው ላይ ጣሉት። ኤሌክትሪክ ነውና ውሃ አልደፉበትም። አየህ፣ እኔ ያልሠራሁትን ሁሉ እሳቸው በትክክል ሠርተዋል።

ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መዳፋቸው ውሃ ቋጥሯል። የእማማ ብርድ ልብስ ፊት ለፊታቸው በረዶው ላይ ይጨሳል። ቀና ብለው አዩኝና «ሌምፒ፣ ይሄን ነገር እኔ ነኝ እላዩ ላይ የጣልኩት? ምንም ትዝ አይለኝም እኮ» አሉኝ። ያኔ ነበር መናገር። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ቃል ግን «ረስተውት ይሆናል፣ አባባ» የሚል ሆነ። እሳቸውም «ይሆናል» አሉ።

ከአሳዎችህ አንድም አልተረፈም። አባባ አንገቱ ላይ ባለችው ነጭ ምልክት «ቄሱ» ያሉት ያ መልአክ የምትሉት ትልቁ ጥቁር አሳህም ሞተ። እሱስ አሳ ነው ልበል። አባባ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት አልነካ አሉ። ምድጃው ሲጠፋ እኔን እየጠበቁ በብርድ ይቀመጣሉ። ቅዳሜ ሲደርስ የእንፋሎት መታጠቢያችንን፣ ሳውናውን፣ ለማንም የማያስነኩት ሰውዬ «አንቺው አንድጂው፣ እኔ አልታመንም» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። አንድ ቀን ደግሞ በጓዳ ሳልፍ ለብቻቸው ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው። በብረት ማዕድን ማውጫው አብረዋቸው የሠሩትን ሰዎች ስም ይጠራሉ። አንዱ ስም ሲጠፋባቸው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። አእምሯቸው ጥሏቸው እንደሆነ ራሳቸውን እየፈተኑ ነበር፣ ሬይኖ። ያን ሰምቼም ዝም አልኩ። ይህ ከብርድ ልብሱ የባሰ መሆኑን አውቀዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ሄልሚ መጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በሚሰበሰበው የአሳ አርቢዎች ማኅበራችሁ እንደ ድሮው ሰብሳቢዋ እሳቸው ናቸው። ካፖርታቸውን ከፈቱና ከብብታቸው ሥር በውሃ የተሞላ ከረጢት አወጡ። ጥቋቁር የመልአክ አሳ ጫጩቶች ይርመሰመሱበታል። አንተ ከመሄድህ በፊት ከቄሱ ልጆች ለየአባሉ አድለህ አልነበር? የእነዚያ ልጆች ናቸው። የሰጪው ዘር ሲጠፋ ከተቀባዩ ዘር ይመለስለታል፤ የማኅበሩ ደንብ ነው ብለው ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አባባ ግን አልነካም አሉ። «ውሰጂያቸው ሄልሚ። እኔ ዘንድ ያለ ነገር ይቃጠላል።»

እትዬ ሄልሚ የቀለጠውን ክዳን አነሡና ገለባብጠው አዩት። «ማንም ይሸፍነው ማን፣ ሶኬቱን ሳይነቅል ነው የሸፈነው» አሉና ወደ አባባ ዞሩ። «ደሞ ይሄ ምን እርጅና ነው፣ አርቮ? እኔ ፎጣ ጥዬበት መጋረጃዬን ያነደድኩት ገና ሙሽራ ሆኜ ነው! ባሌ እስኪሞት ድረስ "ሙሽሪት፣ ፎጣው የት አለ?" እያለ ሲያበሽቀኝ ኖረ።» አባባ አልሳቁም። እኔ ከበሩ ጋ ቆሜ ነበር። «አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። አልሰሙኝም። «ምን አልሽ?» አሉ። ጥፋቴን ሁለተኛ ጊዜ መጮኽ ነበረብኝ፤ «ብርድ ልብሱን የጣልኩት እኔ ነኝ! እርስዎ ተኝተው ነበር!»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። መጀመሪያ አልተቆጡም። እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አደረጉና «ታዲያ ይሄ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ደህና ነው፣ አባባ» አልኩ። እንደ ሕፃን አለቀሱ። እማማን ስንቀብር እንኳ እንደዚያ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም። እትዬ ሄልሚ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ያዙ። ቁጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ሳውናዬን በየቅዳሜው ስታስቀሪብኝ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?» አሉና እስከ ዛሬ የሚያናግሩኝ በእትዬ ሄልሚ በኩል ነው። «ሄልሚ፣ ለዚያች ልጅ ጨው አቀብዪኝ በያት» ይላሉ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ።

እጃቸው ግን ሥራ አልፈታም። አዲስ፣ ሙቀቱ አነስተኛ የሆነ መብራት አስመጥተው በእግሮች ከፍ አድርገው ተከሉት፤ በሱና በውሃው መካከል መስታወት ገባበት። ጠብታ ወደ ሶኬቱ ተንሸራትቶ እንዳይገባ ገመዱን ከሶኬቱ ዝቅ አድርገው አንጠለጠሉት። አቧራውን በየቀኑ ይወለውላሉ፤ አቧራ ሙቀት ያፍናል ብለው ለእትዬ ሄልሚ ሲያስረዱ እኔ እንድሰማ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ለአሳዎቹ የተመደበውን ብርድ ልብስ በወፍራም ሲባጎ ከመብራቱ ሶኬት ጋር ማሰራቸው ነው። ብርድ ልብሱን ወደ ሳጥኑ የሚጎትት ሰው ሶኬቱን አብሮ ይነቅለዋል። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ነው እንግዲህ የአረጋውያን ቤት እናስገባው ያልነው።

ወንድሜ፣ ለፋሲካ ና፤ ግን እሳቸውን ልትወስድ አትምጣ። የፈለግኸውን ብትለኝ አልቀየምም። ላንተም ዋሽቻለሁና ይቅር በለኝ፤ ዛሬውኑ ካላልከኝም እጠብቃለሁ።

ለካሪን ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ ከአባባ እግር አልወለቀም። ኤሊናን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። እትዬ ሄልሚ ሰላም ብለውሃል፣ ከጫጩቶቹም አንዱ አንገቱ ላይ ነጭ ማውጣት ጀምሯል ብለውሃል። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ይህን ስጽፍ በመስኮቱ የሳውናው ጭስ ይታየኛል፤ ያነደዱት ራሳቸው ናቸው። እንጨት ሊወስዱ ሲገቡ ወረቀቱን አይተው ከኋላዬ ቆሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቀጥታ ያናገሩኝ ገና አሁን ነው። «ለሬይኖ ነው? እኔ አይደለሁም በይው» አሉኝ።

እኅትህ ሌምፒ
ኔጋውኒ፣ ሚሺጋን
ፌብሯሪ 23 ቀን 2019