የተልባ አውታር

ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ።

ጎረቤታችን እንደሻው ከሲሬው ሠርግ ሲመለስ መልእክትዎን አደረሰኝ። ሲሬ ወንድሜ ቤት ከገቡ ወዲህ ቃል ሲልኩልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። «አባትሽ ታርቄሻለሁ ብለዋል» ሲለኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር። «የበሬ ጅማት አድርቄ ሰቅያለሁ፣ ትምጣና ታለስልስልኝ ብለዋል» አለኝ። ምስኪኑን ሰውዬ ውኃ እንኳ ሳላቀምስ ሸኘሁት።

መልሴን በሰው አፍ ብልከው ይለዝባል ብዬ ነው የጻፍኩት። ወንድሜ የኋላሸት ያንብብልዎ፤ የሚመር ቢሆንም እየዘለለ አያንብብ።

የእኛ ቤት ደጋን ያልነደፈው ጥጥ ከአሰላ እስከ ሁሩታ አለ? እርስዎ እንጨቱን በእሳት እያሞቁ ሲያጎብጡ ሰው ቆሞ ያይዎት ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወጠረው አውታር እንዴት እንደሚሠራ ግን ማን አየ? ደረቁ ጅማት ጓዳ ውስጥ ይታኘካል፤ ሲለሰልስ ተሰንጥቆ ይገመዳል። የቤታችን ወግ ነው። ጥርስዎ እስኪረግፍ ድረስ እርስዎ አኘኩ፤ ሲረግፍ ለእኔ ሰጡኝ። የኋላሸትን ድዱን ያመዋል ተባለ። የእኔን ድድ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

በጾም ጅማት አፍ ውስጥ አይገባምና ሌላው ሰው ፋሲካን ሲናፍቅ እኔ ሁዳዴን እናፍቅ ነበር። ይህን አያውቁም። ሰው ሊገድፍ ሲጣደፍ፣ እኔ የሚታረደውን በሬ እያየሁ ጅማቱን እቆጥር ነበር። የፊት ጥርሴ የተሰበረውም በፋሲካ በሬ ጅማት ነው። ደሜን ስተፋ «ጅማቱን እንዳታበላሺው» ነበር ያሉኝ። እናቴ በሕይወት ብትኖር እንዲህ አይሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስስቅ አፌን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

በሚቀጥለው ሁዳዴ ሌላ ነገር መሞከር ጀመርኩ። ሰው ለፋሲካ ልብስ ጥጥ የሚያስነድፈው ያኔ ነው፤ እኛ ደግሞ አውታር የተበጠሰበትን ደጋን «ጾም ይፈታ» እያልን እንመልስ ነበር። መጀመሪያ የእንሰት ቃጫ ወጠርኩ። ፀጉሩ እየተነቀለ ከጥጡ ጋር ተደባለቀ፤ የአሰላ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ረገበ። የፈረስ ጭራ ሞከርኩ፤ እሱማ ጮኸ እንጂ አልነደፈም። በመጨረሻ ገበሬው ዘሩን ወቅቶ የሚያቃጥለውን የተልባ አገዳ ለምኜ አመጣሁና ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ሲበሰብስ ልጡን ገፍፌ፣ አበጥሬ ገመድኩት፤ ሰም ቀባሁት። ወጥሬ ስመታው ጥጡ ብትን አለ። ብቻዬን ሳቅሁ፣ አፌንም አልሸፈንኩም።

ለራሴ ብቻ ብዬ የሠራሁት እንዳይመስልዎ። ጥርስ የማይጠይቅ አውታር ነው፤ አባቴ ከእንግዲህ ደጋኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በገዛ እጃቸው ይጨርሳሉ ብዬ ነበር። ደስ የሚልዎ መስሎኝ ነበር፣ ሞኟ እኔ!

ገበያ ይዤው ስወጣ ተከትለውኝ መጡ። ደጋኑን አነሱ፣ አውታሩን በጣትዎ ዳሰሱ፣ አሸተቱት። ከዚያ ቢላዎን መዘዙ። «ይሄ የእኔ ቤት ደጋን አይደለም!» ብለው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በጠሱት።

ጥጥ ነጋዴዋ ሀሊሜ አላስቻላትም። «ጋሽ ገብረ መድህን፣ ወላሂ ነውር ነው! ልጅቷ ምን አጠፋች? ጥጤን እኮ ነድፌበት አይቼዋለሁ፤ ጉም ነው የሚያስመስለው!» አለች። ሌሎቹም ሴቶች አብረዋት ተንጫጩ። እርስዎ ግን «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ!» ብለው ጀርባዎን ሰጡን። ወንዶቹ ሳቁ። እኔ የተቆረጠውን አውታር ከጭቃ ላይ ስለቅም ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ወዲያው ልብስዎን ጠቅልለው ሲሬ ገቡ።

«ልጄ ጥርሴ መርገፉን ለአገር አወጀችብኝ» ማለትዎን በኋላ ሰማሁ። አባዬ፣ የእርስዎንማ አገሩ ድሮ ያውቃል፤ ለቅሶ ቤት ቆሎ ሲዘገንልዎ እጅዎን ሲሰበስቡ ያያል። ማንም ያላየው የእኔን ነው። እርስዎም ጭምር።

አሁን ደግሞ ታርቄሻለሁ አሉኝ። አፌን ፈለጉትና ታረቁኝ! ሽማግሌ ልከው ቢሆን፣ ወይም «ልጄ ናፈቀችኝ» ብለው ብቻ ቢሆን ኖሮ በእግሬ እመጣ ነበር። አባት ላይ እንዲህ መናገር ደስ አይልም። ግን ዝም ብዬ የቆየሁት ይበቃል።

ሲሬ አልመጣም። ጅማቱን ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ልጅዎ ያኝከው። እኔ የተልባ አውታሬን መግመዴን አልተውም፤ የሀሊሜ ደንበኞችም እየመጡ ነው። እንጨቱን ግን እንደ እርስዎ ማጎበጥ አልሆነልኝም፤ ብዙውን ጊዜ ይሰነጠቅብኛል። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

መምጣት ከፈለጉ በሩን አልዘጋብዎትም። ጅማት ይዘው ከመጡ ግን ከደጅ ይመልሱት። ገብሱን ለጭኮ ቆልቼ አስፈጭቻለሁ፤ ቅቤውም ተነጥሯል። ጭኮ ማኘክ አይፈልግም፤ ለእርስዎም ለእኔም ይሆናል።

ልጅዎ
ናዝሬት ገብረ መድህን
አሰላ